ሐቦባ ዘሀቢያ ቅሏን የሰበሩ ዕለት

እባብ የነደፈው ሰው ሐቦባ ዘሀቢያ ዘንድ አይመጣም። የሚመጣው መልእክተኛው ነው፤ መድኃኒቱን የሚጠጣውም እሱው ነው። ይህን የሰማ የከተማ ሰው ይስቃል። ይሳቅ! ከሰሊጥ ማሳ መሀል ሮጦ የደረሰ፣ ላብ በላብ የሆነ ጎረምሳ በሐቦባ ደጃፍ ተንበርክኮ ያንን መራራ ሥር ሲጨልጥ፣ ከዚያም አንጀቱ እስኪገለበጥ ሲያስመልስ በዐይኑ ያየ ሰው ግን አይስቅም። እሱ ባስመለሰ ቁጥር እዚያ ማዶ ማሳው ላይ ለተጋደመው ታማሚ መርዙ ይወጣለታል። በመተማ ቆላ ሲታመን የኖረው እንዲህ ነው።

ሐቦባ ማለት በሱዳኖቹ አጠራር አያት ማለት ነው። ዘሀቢያ ግን የልጅ ልጅ ይቅርና ልጅም ሳይወልዱ ነው ሐቦባ የተባሉት፤ ሙያው ሲተላለፍላቸው ማዕረጉም አብሮ መጣ። አባታቸው ሼህ አብዱረሕማን ከድንበሩ ወዲያ ገላባት ድረስ ስማቸው የተጠራ የእባብ ሐኪም ነበሩ። ሊሞቱ ሲሉ ለወንዶች ልጆቻቸው ከብቱን ሰጡ፤ ለዘሀቢያ መድኃኒቱ የሚዘፈዘፍባትን ቅል ሰጧት። ጥቁር፣ ከእጅ ብዛት የተነሣ የምታብለጨልጭ ቅል ናት። ወንድሞቿ ያኔ ሳቁባት። ኋላ ከብቱን በሽታ ሲፈጀው ግን ቤቱን ያቆመችው ቅሏ ነበረች፤ የሳቁትም ወንድሞች ከዚያችው ቤት ነበር እራት የሚበሉት።

እንግዲህ እኒያ ዘሀቢያ ናቸው ዛሬ ሐቦባ የሆኑት። ቁመታቸው አጭር፣ ድምፃቸው ግን እዚህ ሆነው ሱዳን የሚሰማ፤ ሲቆጡ መንደሩ የሚሸሽ፣ ሲስቁ የሸሸው የሚመለስ ሴት ናቸው። ሙያቸው ሕግ አለው፤ በሕጉ ላይ ደግሞ ቀልድ አያውቁም። መልእክተኛው ከታማሚው ልብስ ቁራጭ ቀድዶ ያመጣል፤ ቁራጩ ከሥሩ ጋር ቅሏ ውስጥ ይነከራል። የታማሚው ስም አይነሣም፤ እሳቸውም ማን ነው፣ የት ነው ብለው አይጠይቁም። መርዝ ጆሮ አለው፤ ስሙን ከሰማ ወደ ልብ ይሮጣል። መልእክተኛው ከጠጣ በኋላ ታማሚው ዘንድ እስኪደርስ ቃል አይተነፍስም፤ በመጣበት መንገድም አይመለስም። ከሁሉ የምታስፈራው የመጨረሻዋ ሕግ ናት። ሐቦባ የመልእክተኛውን ጆሮ ይዘው ነው የሚነግሩት።

«መርዙ ሊያስትህ በምታውቀው ሰው ድምፅ ይጠራሃል። እኔ ራሴ ብጠራህ እንኳ እንዳትመልስ!»

ይህ ሁሉ አየሁሽ እስክትመጣ ድረስ ያለ ጠያቂ የሚሠራ ነገር ነበር። አየሁሽ የጤና ጣቢያው ነርስ ናት፤ ጎጃሜ፣ ወጣት፣ ልቧ ምላሷ ላይ ያለ። አምና ክረምት ለጤና ጣቢያው የእባብ መርዝ ማርከሻ መጣና ፍሪጅ ውስጥ ገባ። አየሁሽም ደስታዋን መያዝ አቅቷት የመኪናው ጭነት ወርዶ ሳያልቅ ሐቦባ ቤት ሮጠች።

«እማማ፣ ከእንግዲህ እባብ የነደፈው ሰው ሲኖር ወደኛ ይላኩልን!»

«እማማሽ ጎጃም ናት። እኔ ሐቦባ ነኝ» አሉ ዘሀቢያ። «አንቺ ፍሪጅ አለሽ፤ እኔ ቅል አለኝ። መብራት ሲጠፋ ፍሪጅሽ ምን ይሆናል?»

«ጄኔሬተር አለን።»

«እሱ ሲያስነጥስ የሚያድረው? ወላሂ፣ እሱ ራሱ መታከም አለበት!»

አየሁሽ በር ላይ ቆማ እግር እስኪነቃ ለመነች። ሐቦባ አልሰሙም። በዚያው መኸር የአገኘሽ ልጅ ምንይችል ሰሊጥ ሲያጭድ ተነደፈ። አገኘሽ ቤቷ ከመንደሩ ዳር፣ ማሳው ከሚጀምርበት ላይ ያለ፣ ባሏ የሞተባት ገበሬ ናት፤ ያላት ልጅ እሱ ብቻ ነበር። መልእክተኛው መጣ፣ ጠጣ፣ አስመለሰ፣ ዝም ብሎ ተመለሰ። ምንይችል ግን ሞተ። መንደሩም «መልእክተኛው መንገድ ላይ ተናግሮ መሆን አለበት» አለ፤ ሐቦባም እንደዚያው አሉ። አገኘሽ ግን ከዚያን ቀን ወዲህ ሐቦባ በደጇ ሲያልፉ ፊቷን ታዞራለች፤ ከሌላውም ሰው ጋር ቃል መለዋወጥ ተወች።

ዘንድሮ ጥቅምት ሰሊጡ ታጭዶ፣ ነዶው ቆሞ ሳለ፣ ጠራራ ፀሐይ ላይ ታንጉ የሐቦባን አጥር ዘሎ ገባ። በሩ ክፍት ነበር፤ ግን ማን በር ይፈልጋል!

ታንጉ የጉሙዝ ልጅ ነው፤ ሲሮጥ እግሩ መሬት የሚነካ አይመስልም። በእናቱ ጀርባ ታዝሎ ሳለ እናቱን እባብ ነድፏት በሐቦባ ቅል ዳነች ይባላል። ስለዚህ የሐቦባን ቃል መሬት ላይ አይጥልም። ያን ዕለት ከላቡ ይልቅ የሚያስገርመው እንባው ነበር። የጨርቅ ቁራጭ በጡጫው ጨብጦ፣ ሐቦባን እያየ፣ አንዳች ነገር ሊል አፉን ይከፍትና መልሶ ይዘጋዋል።

«ምን ያስለቅስሃል? ገና መች ጠጣህና!» አሉና ቁራጩን ተቀብለው ሳያዩት ቅሏ ውስጥ ነከሩት። ዐይናቸው እንደ ድሮው አይደለም፤ ደግሞ በችኮላ ጊዜ ማን ጨርቅ ይመረምራል? ታንጉ ጨለጠ፣ አስመለሰ። ጆሮውን ይዘው ሕጎቹን ነገሩት። እንደገና በዚያ በሚያሳዝን ዐይኑ አያቸውና በሌላ በኩል አጥሩን ዘሎ እብስ አለ።

አቧራው ሳይረጋ የጤና ጣቢያው አምቡላንስ ደጃፋቸው ላይ ገጭ ብሎ ቆመ። አየሁሽ ከነነጭ ገዋኗ ወረደች።

«ሐቦባ! የት ነው? የተነደፈው ሰው የት ነው ያለው?»

«እኔ አልጠይቅም። ታውቂያለሽ።»

«ከማሳ ስልክ ደውለው ነበር። ‹እባብ፣ ሴት› ካሉኝ በኋላ ኔትወርኩ ተቋረጠ። ብደውል ብደውል የለም! አሁን መንገድ ላይ አንድ ልጅ ሲሮጥ አግኝተን አቁመን ብንጠይቀው አፉን በሁለት እጁ ይዞ ማሽላው ውስጥ ገባ። የእርስዎ መልእክተኛ ነው አይደል?»

«ሴት ናት አሉሽ?»

«ሴት። ‹ሻይ የምትሸጥ› ሲሉኝ ነው የተቋረጠው።»

ሐቦባ እጃቸውን ቅሏ ውስጥ ከተቱና ቁራጩን አውጥተው ወደ ፀሐይ ዘረጉት። ቢጫ ነው፤ ቀያይ አበባ አለው። ለዒድ ብለው ገላባት ገበያ ተከራክረው የገዙት ቶብ ነው፤ ከአናት እስከ እግር የሚጠቀለል የሱዳን ሴቶች ልብስ። የገዙትም ለልጃቸው ለሉባባ ነበር። ሉባባ ለቀን ሠራተኞቹ፣ ቆላው ሳሉግ ለሚላቸው፣ ከማሳ ማሳ እየዞረች ሻይና ብስኩት ትሸጣለች። ዛሬ የትኛው ማሳ እንደዋለች የሚያውቅ አንድ ሰው ብቻ ነው። እሱም አፉን ይዞ እየሮጠ ነው!

ቅሏን ከነውኃዋ ደረታቸው ላይ አቅፈው፣ በባዶ እግራቸው፣ ማንም ሳይደግፋቸው አምቡላንሱ ላይ ወጡ።

«ያላህ! ምን ትጠብቃለህ?» አሉት ሹፌሩን።

አምቡላንሱ የመንገዱ መጨረሻ ድረስ በረረ። ከዚያ ወዲያ ዋልካ ነው፤ የሰሞኑ ዝናብ ያጨቀየው ጥቁር አፈር ጎማውን እስከ ወገቡ ዋጠው። ዕድላቸው ሆኖ በሽር እዚያው አጠገብ ትራክተሩን ከነተጎታቹ አቁሞ ምሳውን ይበላ ነበር። በሽር ስለ ትራክተሩ እንደ ሚስቱ የሚቀና ሰው ነው፤ ማንም እንዲነካበት አይወድም። ሐቦባ ሳያስፈቅዱት ጎማውን ረግጠው ወጥተው ከመቀመጫው ኋላ ቆሙ። በሽር ጉርሻው አፉ ውስጥ እንዳለ ሞተሩን አስነሣ። አየሁሽ የመድኃኒት ሣጥኗን አቅፋ ተጎታቹ ውስጥ ተንከባለለች።

አቤት የዚያን ዕለት ሩጫ! ነዶው በግራ በቀኝ ወደ ኋላ ይሸሻል፤ ጭቃው እስከ ሰማይ ይረጫል፤ ተጎታቹ በዘለለ ቁጥር አየሁሽ የጎጃም ታቦታትን አንድ በአንድ ትጠራለች። ሳሉጎቹ ማጭዳቸውን ጥለው እየሮጡ ያያሉ። አጭሯ ሐቦባ ዘሀቢያ ቅል ታቅፈው በትራክተር ሲበሩ ማን አይቶ ያውቃል?

«ያውና!» አለ በሽር።

ታንጉ ከማሽላው ወጥቶ ሜዳውን ያቋርጣል።

«ታንጉ! እኔ ነኝ! ቁም!» ሐቦባ ያለ የሌለ ድምፃቸውን አወጡት። ያ ሱዳን የሚሰማ ድምፅ ታንጉ ጆሮ ገባ። ልጁ ቀጥ ብሎ ቆመ፤ ከዚያ ጣቶቹን ጆሮዎቹ ውስጥ ሰክቶ ከበፊቱ በባሰ ፍጥነት እግሬ አውጪኝ አለ።

«ምነው? ምን ነክቶት ነው?» አለች አየሁሽ።

«እኔ ብጠራህ እንኳ እንዳትመልስ ብዬዋለሁ። መርዙ በኔ ድምፅ የጠራው መስሎታል» አሉ ሐቦባ።

«ዝም ብለን እንከተለዋ! እሷ ጋ አይደል የሚሄደው?»

«አይሄድም» አለ በሽር መሪውን እየታገለ። «ቅድም ወደ ምሥራቅ ነበር፤ አሁን ወደ ሱዳን ዞረ። አያችሁት? እያሳተን ነው።»

እውነቱን ነበር። ታንጉ መርዙን ከሉባባ ሊያርቅ ነበር የሚሮጠው። ያ ታማኝ ልጅ፣ ያ እግረ ቀላል ልጅ፣ የሐቦባን ልጅ ለማዳን ከሐቦባ ይሸሻል! ፊት ለፊቱ ኾሩ አለ፤ ክረምት የሞላው ጅረት ገና አልጎደለም። እሱን ከተሻገረ ትራክተር አይከተለውም።

ሐቦባ ቅሏን አዩዋት። ቅሏ እስካለች ሕጉም አለ፤ ታንጉ አይናገርም። እውነቱን መናገር ነው፤ ሐቦባ በቅሏ ያምናሉ። ለማስመሰል የያዟት ዕቃ አይደለችም፤ አባታቸው ናት፣ እንጀራቸው ናት፣ ስማቸው ናት። ሉባባ አሁን በሕይወት ካለች ቅሏ ይዛት ነው ብለው ነው የሚያስቡት። ከሰበሯት የሚቀረው ያቺ ምላሰኛ ነርስና ሣጥኗ ብቻ ነው።

«አባባ፣ አውፍ በሉኝ» አሉና ቅሏን በሁለት እጃቸው ከራሳቸው በላይ አንሥተው ከትራክተሩ ብረት ጋር አላተሟት።

ያ ድምፅ ከሞተሩ ጩኸት በላይ ተሰማ። መራራው ውኃ በሽርን ከአናቱ እስከ ጫማው አጠበው። ኾሩ አፋፍ ላይ የደረሰው ታንጉ ዞር አለ። በሐቦባ እጅ ላይ የቀረውን ስባሪ አየና ሁለት እጁን ራሱ ላይ ጭኖ ጮኸ።

«ሐቦባ! ምን አደረጉ! ልጅዎት እኮ ናት!»

«አውቃለሁ! የት ናት?»

«ገደሏት! ሉባባን ገደሏት!»

«ታንጉ!» አሉ ሐቦባ፤ ድምፃቸው አሁን የልመና ነበር። «ቅሏ የለችም። የምትጠብቀው ነገር የለም። የት ናት ልጄ?»

ታንጉ ጭቃው ላይ ቁጭ አለ። ከዚያ እያለቀሰ እጁን ወደ ኋላቸው ቀሰረ። «ከአለነ እርሻ። ከትልቁ ግራር ሥር።»

እነሱ ካለፉት መንገድ ቅርብ ነበር። በሽር ትራክተሩን እንዴት እንዳዞረው ዛሬም ሲያወራው አይጠግብም።

ሉባባ ግራሩ ሥር ተጋድማለች። እግሯ እስከ ጉልበቷ አብጧል፤ ድዷ ይደማል። ሠራተኞቹ ታፋዋን በገመድ ጠፍረው አንዱ ምላጭ ስሎ ሊበጣ ጎንበስ ብሏል። አየሁሽ ከተጎታቹ ዘላ ወረደች። «ምላጩን ጣል! ማንም እንዳይነካት!» እግሯን በማጭድ እጀታና በነጠላ አስራ እንዳይንቀሳቀስ አደረገች፤ ያንን ክፉ ገመድም በጥንቃቄ ላላ አደረገችው። ሉባባ ዐይኗን ገለጠችና እናቷን አየች።

«ዩማ... ሥሩን ሰጠሽው? ታንጉ ደረሰ?»

«ደርሷል።»

«ቅሏስ?»

ሐቦባ ልጃቸውን ዋሽተው አያውቁም። «ሰበርኳት» አሉ።

ሉባባ ዐይኗን ጨፈነች። ሐቦባ ከዚያ እስከ ጤና ጣቢያው ድረስ የልጃቸውን ራስ ጭናቸው ላይ አድርገው፣ ትራክተሩንም አምቡላንሱንም መንገዱንም ሲሳደቡ ሄዱ። ስድቡ ባይኖር ያለቅሱ ነበር።

መድኃኒቱ በደም ሥሯ መግባት ሲጀምር ሐቦባ የሚንጠባጠበውን ፈሳሽ ፍጥጥ ብለው ያዩ ጀመር። ጠብ፣ ጠብ፣ ጠብ።

«ይሄ ነገር ቸኮል አይልም እንዴ?»

«ቢቸኩል ይጎዳታል፣ ሐቦባ።»

ፀሐይ ስታዘቀዝቅ የድዷ ደም ቆመ። ሉባባ ውኃ ጠየቀች፤ ቀጥላም ሻይ የጠጡትን ሠራተኞች ብርጭቆ ማን እንደሰበሰበ ጠየቀች። ሐቦባ እልል አሉ! ጤና ጣቢያው ውስጥ የነበረ በሽተኛ ሁሉ ብድግ አለ። ልባቸው ሲረጋ አየሁሽን በክንዷ ይዘው ጠየቋት።

«ንገሪኝ እስቲ፣ ይሄ ከምንድን ነው የሚሠራው?»

«የእባቡን መርዝ ትንሽ ትንሽ እያደረጉ ፈረስ ይወጋሉ። ፈረሱ አይሞትም፤ ደሙ መርዙን መታገል ይለምዳል። ከደሙ ተጣርቶ ነው የሚሠራው።»

«ፈረሱና ሉባባ ይተዋወቃሉ?»

«ኧረ በየት በኩል! ፈረሱ ሌላ አገር ነው ያለው።»

«እና ሳያውቃት መርዙን ቀመሰላት?»

«እንደዚያ ማለት ይቻላል።»

ሐቦባ ጭናቸውን በጥፊ መቱ። «መልእክተኛ ነዋ! ወላሂ መልእክተኛ ነው! አባቴ ሰው ላከ፣ እናንተ ፈረስ ላካችሁ!» ሳቁ፤ ግድግዳው እስኪነቃነቅ ሳቁ።

አየሁሽም ሳቀች። ግን ምላሷ እንደሆነ አያርፍም። «ልዩነት አለው ሐቦባ። የፈረሱ ደም ሉባባ ሥር ውስጥ ገብቷል። ታንጉ ያስመለሰው ግን እዚያው ደጃፍዎ ላይ ነው የቀረው።»

ሐቦባ ሳቃቸውን አቆሙ። ሲቆጡ የሚሸሸው መንደር እዚያ ቢኖር ይሸሽ ነበር፤ ግን አልተቆጡም።

በማግሥቱ አገኘሽ ልትጠይቅ መጣች። ወተት ይዛለች። ሉባባን ግንባሯን ሳመቻት፤ ወተቱን አስቀመጠች፤ ከዚያ ከዓመት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ ሐቦባ ዞረች።

«የኔ ምንይችል ሲነደፍ ይሄ መድኃኒት እዚህ ነበረ?»

አየሁሽ አንገቷን ደፋች። «ነበረ» አለች።

«ታዲያ በኔ ልጅ ጊዜ ቅሏን ምነው ሳይሰብሯት?»

ሐቦባ ብዙ መልስ ነበራቸው። ሕጉ ነው ማለት ይችሉ ነበር፤ ማን እንደተነደፈ አላውቅም ነበር ማለት ይችሉ ነበር፤ መልእክተኛው ተናገረ ማለትም ይችሉ ነበር።

«ልጄ ስላልነበረ ነው» አሉ።

አገኘሽ ነጠላዋን አጣፍታ ወጣች።

ያን ሳምንት ሐቦባ ቤት ለቤት ዞሩ። «የሼህ አብዱረሕማን ልጅ አዲስ ሕግ አውጥታለች!» እያሉ ነበር የሚናገሩት፤ ስለ ራሳቸው እንደ ሌላ ሰው። «ከእንግዲህ መልእክተኛ ዝም አይልም፤ ይጮኻል! ማሳው የት እንደሆነ ይጮኻል። የሰማ ሁሉ ተቀብሎ ይጩህ፤ ከቤት ቤት፣ እስከ ጤና ጣቢያው! እግርም ጩኸትን አይቀድም፤ ስልክም እንደዚያን ቀን ይጠፋል።» አንዳንዱ ሽማግሌ «መርዙ ቢሰማስ?» አለ። «ይስማ! ፈረስ እንደላክንበት ይወቅ!» አሉ። ታንጉ ቅሏን ረስቶ ይቅር እስኪላቸው ድረስ ጥቂት ቀን ፈጀ። ይቅር ሲል ግን በየማሳው እየሮጠ ያንን ሕግ ለሳሉጎቹ የነገረው እሱ ነው።

አንድ ነገር ብቻ ያሳስባቸው ነበር። ማሳውን ከመንደሩ የሚያገናኘው የአገኘሽ ቤት ነው። ከማሳ የተነሣ ጩኸት ያለ እሷ ጉሮሮ መንደሩ አይደርስም። ሐቦባ እሷ ቤት ሄደው ሕጉን ለመንገር አልደፈሩም።

ኅዳር ገብቶ ሰሊጡ በሚራገፍበት ሰሞን፣ አንድ ጠዋት ሐቦባ ደጃፋቸው ላይ ቆመው ሳሉ ከሩቅ የታንጉን የመሰለ ድምፅ ሰሙ። ቃሉ አይለይም፤ ነፋስ ይበትነዋል። ወደ አገኘሽ ቤት አዩ። በሩ ተከፈተ። አገኘሽ ወጣች፤ ፊቷን ወደ ማሳው አዙራ እጇን ጆሮዋ ላይ አድርጋ አዳመጠች። ከዚያ ወደ መንደሩ ዞረች። ዓመት ሙሉ የታፈነው ድምፅ ሲወጣ መንደሩን ሰነጠቀው።

«እባብ! ከታችኛው ማሳ፣ ከኾሩ ዳር! የሰው ልጅ ነው፣ ድረሱ! እባብ!»

ሐቦባ ዘሀቢያ ድምፁን ተቀበሉ። እንባቸው እየወረደ፣ ባለ በሌለ ኃይላቸው፣ ወደ ጤና ጣቢያው ጮኹ፤ ከወዲያም የአምቡላንሱ ሞተር ተነሣ።